የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ሊኑክስ ላይ የትኛው ብሮውዘር ነባሪ ይሁን?

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከመሀል አዲስ አበባ የመጡና በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው፤ ዊንዶውስን ትቶ ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱን፣ ሚንትን ወይም ዴቢያንን የጫነ ሰው ከብሮውዘሮች የትኛውን ነባሪ፣ ብዙዎቻችን ዲፎልት የምንለውን፣ ያድርግ? የሜኑና የትእዛዝ ስሞችን ለንባብ እንዲመቹ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያገኟቸውና የሚተይቧቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ 10 ኮምፒውተሮች ያሉት ኢንተርኔት ቤት አለኝ። ሁሉም ራማቸው 4 ጊጋባይት ነው። ቫይረስ ስላስቸገረኝ ወደ ሊኑክስ ልቀይር ነው። አንዱ ባለሙያ ኡቡንቱን ከነፋየርፎክሱ ተጠቀም፣ ሌላው ሚንት ላይ ክሮም ጫን ይለኛል። የኢንተርኔት ጥቅሌ ቶሎ እንዳያልቅብኝ እፈልጋለሁ። ደንበኛ ከፍቶት የሄደውን ኢሜይል ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው እንዳያየውም እሰጋለሁ። (የኢንተርኔት ቤት ባለቤት፣ ፒያሳ)

መልስ፦ በ4 ጊጋባይት ራም ላይ ፋየርፎክስና ክሮም ያን ያህል አይራራቁም። ስምንት ዘጠኝ ታብ ከተከፈተ ሁለቱም ማሽኑን ያጨናንቁታል። የሚለያዩት ማዘመኛቸው በሚደርስበት መንገድ ነው። ለሁለቱም በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ እትም ይወጣል፤ በመሀልም አስቸኳይ የደህንነት ጥገናዎች ይመጣሉ። ይህ የማይደርሰው ብሮውዘር የሕዝብ እጅ በሚፈራረቅበት ማሽን ላይ መቀመጥ የለበትም። ስለዚህ ምርጫዎን የሚወስነው አንድ ጥያቄ ይሁን፤ ማዘመኛው አሥሩም ማሽኖች ጋ ለመድረስ ስንት ሜጋባይት ይበላል?

ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 22.04 እትም ጀምሮ ፋየርፎክስን የሚያቀርበው በስናፕ ነው፤ ስናፕ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልጉት ነገሮች ጋር ጠቅልሎ የሚጭን ዘዴ ነው። በአፕት፣ በተለመደው የመጫኛ ትእዛዝ፣ ለመጫን ቢሞክሩ እንኳ የሚመጣልዎ ስናፑን የሚጠራ ባዶ ፓኬጅ ነው። ስናፕ በቀን 4 ጊዜ አዲስ ነገር መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል፤ ካገኘም እርስዎን ሳይጠይቅ ያወርዳል። የፋየርፎክስ ስናፕ ፋይል ከ200 ሜጋባይት በላይ ሲሆን፣ የሚመረኮዝባቸው የጋራ ፓኬጆች ደግሞ ለብቻቸው በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ናቸው። ለአንድ ላፕቶፕ ይህ ችግር አይሆንም። አሥር ማሽኖች በአንድ መስመር ላይ ሲያወርዱ ግን ደንበኛው «ኔትወርኩ ሞተ» ብሎ ይነሳል።

ለእርስዎ የምንመርጠው ሚንትን ከነፋየርፎክሱ ነው። ሚንት ፋየርፎክስን የሚያቀርበው በስናፕ ሳይሆን አፕት በሚጭነው በተለመደው የደብ ፓኬጅ፣ በራሱ ማከማቻ (ፓኬጆቹ በሚወርዱበት ሰርቨር) በኩል ነው። መጠኑም ወደ 80 ሜጋባይት ገደማ ነው። አሥሩም ለየብቻ ቢያወርዱ በአንድ ዙር 800 ሜጋባይት ይሆናል። ይህን ወደ 80 ማውረድ ይቻላል።

ሒሳብ የሚይዙበትን ማሽን መጋዘን ያድርጉት። «አፕት-ካቸር-ኤንጂ» የሚባለውን ፓኬጅ ይጫኑበት፤ ሥራውን የሚሠራው በፖርት 3142 ነው። በሌሎቹ ዘጠኝ ማሽኖች ላይ፣ «ኢቲሲ» በተባለው የሲስተም ፎልደር ሥር ባለው የአፕት ፎልደር፣ «አፕት.ኮንፍ.ዲ» ውስጥ፣ የኤችቲቲፒ ፕሮክሲው (አውርዶ የሚያቀብለው መካከለኛ) የመጋዘኑ አይፒ አድራሻና 3142 መሆኑን የሚናገር ባለ አንድ መስመር ፋይል ያስቀምጡ። መጋዘኑ ራሱም በዚያው መንገድ እንዲያወርድ ያድርጉት፤ አለበለዚያ የራሱን ማዘመኛ ለብቻው ያወርዳል። ከዚያ በኋላ አንዱ ያወረደውን ፓኬጅ ሌሎቹ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከቤት ውስጥ ይወስዱታል።

ይህ አሠራር የሚበላሽባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ራውተሩ ለመጋዘኑ ሌላ አይፒ ከሰጠው ዘጠኙም ማሽኖች ማዘመን ያቆማሉ፤ ማሻሻያ ማኔጀሩን የሚከፍት ሰው ከሌለ ደግሞ ለወራት ማንም አያውቅም። ስለዚህ ራውተሩ ውስጥ ገብተው አድራሻውን ለዚያ ማሽን ቋሚ ያድርጉት። ሁለተኛው፣ መጋዘኑ በኤችቲቲፒኤስ የሚመጣን ማከማቻ እንደ ተለመደው አያሳልፍም፤ 403 የሚል ስህተት ይመልሳል። የክሮም ማከማቻ እንዲህ ያለ ነው። ኤችቲቲፒኤስ እንዲያልፍ ቢፈቅዱለት እንኳ ፋይሉን አያስቀምጠውም፤ ክሮም አሥር ጊዜ ይወርዳል። የባለሙያዎን የክሮም ምክር ያልተቀበልነው በዚህ ምክንያት ነው።

የደንበኛው ኢሜይል ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ፋየርፎክስ ሲዘጋ ኩኪና ታሪክ እንዲጠፋ የሚያደርገውን ምርጫ አብርቶ ተኝቶ ያድራል። ያ ምርጫ የሚሠራው ፋየርፎክስ በሥርዓት ሲዘጋ ነው። መብራት ድንገት ከሄደ ጽዳቱ በዚያው ሰዓት አይካሄድም፤ መብራት ሲመጣም የቀድሞው ሰው ኢሜይል እንደ ተከፈተ ሊጠብቅዎ ይችላል። አስተማማኙ መንገድ የእንግዳ መግቢያ ነው። በሚንት «ሎግኢን ዊንዶው» የሚለውን ይክፈቱ፣ «ዩዘርስ» ውስጥ ገብተው «አላው ጌስት ሴሽንስ» የሚለውን ያብሩ። የእንግዳው ፎልደር የሚኖረው በራም ላይ ስለሆነ ደንበኛው ሲወጣም ሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ዋጋ ግን አለው፤ ደንበኛው ያወረደውን ወይም የጻፈውን ሲቪ ከመውጣቱ በፊት ወደ ፍላሹ ካልገለበጠ አያገኘውም። ይህን በወረቀት ጽፈው ከእያንዳንዱ ስክሪን አጠገብ ይለጥፉት።

በመጨረሻም «ኢቲሲ» ውስጥ «ፋየርፎክስ» የሚል ፎልደር፣ በእሱም ውስጥ «ፖሊሲስ» የሚል ፎልደር ፈጥረው የ«ፖሊሲስ.ጄሰን» ፋይል ያስቀምጡ። የይለፍ ቃል ላስቀምጥ ብሎ እንዳይጠይቅ፣ መነሻ ገጹ እንዳይቀየር፣ እንደ ዩብሎክ ኦሪጅን ያለ ማስታወቂያ ማገጃም በራሱ እንዲጫን እዚያ ይታዘዛል። ፋይሉ የመላው ማሽን ስለሆነ ለእንግዳውም ይሠራል። ማስታወቂያ ማገጃውን አይናቁት፤ ለ4 ጊጋባይት ማሽንና ለተቆጠረ ጥቅል ከየትኛውም የብሮውዘር ለውጥ የበለጠ ይጠቅማል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከጎደለች ግን ሙሉው ፋይል ዋጋ የለውም፤ በአድራሻ ሳጥኑ «አባውት፡ፖሊሲስ» ብለው ሲገቡ ስህተት ካለ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ላይ ክሮሚየምን፣ ክሮም የተሠራበትን ክፍት ብሮውዘር፣ ነባሪ አድርጌያለሁ። ቴሌግራም ላይ ሊንክ ስነካ ግን አሁንም በፋየርፎክስ ይከፈታል። ሦስቴ ደጋግሜ ቀይሬዋለሁ። (ተማሪ፣ አራት ኪሎ)

መልስ፦ ነባሪነት አንድ ነጠላ ምርጫ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው፤ የኤችቲቲፒ ሊንክ፣ የኤችቲቲፒኤስ ሊንክ እና በዲስክ ላይ ያለ የኤችቲኤምኤል ፋይል ለየብቻ ይመዘገባሉ። መዝገቡ በእርስዎ ፎልደር፣ በተደበቀው «.ኮንፊግ» ውስጥ ያለው «ማይምአፕስ.ሊስት» ነው። በኡቡንቱ 24.04 «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ «ዲፎልት አፕስ» ብለው «ዌብ» የሚለውን ሲቀይሩ የሚጻፈው እዚያ ነው።

የተለመደው ብልሽት የተረሳ ስም ነው። ያው አንድ ብሮውዘር በተጫነበት መንገድ ልክ የማስነሻ ስሙ ይለያያል። ፋየርፎክስ በደብ ሲጫን «ፋየርፎክስ.ዴስክቶፕ»፣ በስናፕ «ፋየርፎክስ_ፋየርፎክስ.ዴስክቶፕ»፣ በፍላትፓክ (እንደ ስናፕ ፕሮግራሙን ከሲስተሙ አጥሮ በሚጭን ሌላ ዘዴ) ደግሞ «ኦርግ.ሞዚላ.ፋየርፎክስ.ዴስክቶፕ» ይባላል። ክሮሚየምም እንዲሁ ነው። በአንዱ መንገድ ጭነው፣ አጥፍተው፣ በሌላ መንገድ ከጫኑት መዝገቡ የሌለ ስም ይዞ ይቀራል። ሲስተሙም ያንን ሲያጣ ወደ ሌላው ብሮውዘር ያልፋል። ፋይሉን በጽሑፍ አርታኢ ከፍተው ሦስቱ መስመሮች አንድ ዓይነት ስም መያዛቸውንና ስሙም በእርግጥ የተጫነው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ወጥተው እንደገና ይግቡ።

ቴሌግራሙ ራሱ በስናፕ ወይም በፍላትፓክ የተጫነ ከሆነ ሊንክ የሚከፍተው በቀጥታ አይደለም፤ ፖርታል የሚባለውን አገልጋይ ይጠይቃል። ለውጡን ካደረጉ በኋላ ቴሌግራምን መዝጋት ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው። ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፤ በፍላትፓክ የተጫነ ብሮውዘር ውስጥ ያለው «ነባሪ አድርገኝ» የሚል ቁልፍ ከአጥሩ ውጭ ያለውን መዝገብ መቀየር ስለማይችል ቢጫኑት ምንም ላይሆን ይችላል። ከሴቲንግስ ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ አሮጌ ኮምፒውተሬ 32 ቢት ነው። የትኛው ብሮውዘር ይሻለኛል? (ካዛንቺስ)

መልስ፦ መጀመሪያ በእርግጥ 32 ቢት መሆኑን ያጣሩ። ተርሚናል ላይ «ኤልኤስሲፒዩ» ብለው ሲጽፉ በሁለተኛው መስመር 32 እና 64 አንድ ላይ ከታዩ ማሽኑ 64 ቢት ነው፤ 32 የሆነው ተጭኖበት የቆየው ዊንዶውስ ብቻ ነበር። እንዲህ ዓይነት ማሽን በጣም ብዙ ነው። እውነትም 32 ብቻ ከሆነ ግን መንገዱ እየተዘጋ ነው። ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ መውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከፋየርፎክስም የመጨረሻው 144 ነበር፤ ረጅም ድጋፍ ያለው 140 ለጥቂት ጊዜ ያስኬዳል። ዴቢያንም ከ13ኛው እትም ጀምሮ ለ32 ቢት የመጫኛ ዲስክ አያወጣም። በዚህ ማሽን ጽሑፍ ይጻፉበት፤ የባንክ ገጽ ግን አይክፈቱበት።

ጥያቄ፦ ቢሯችን ውስጥ በአንዱ ኮምፒውተር ብቻ ሁሉም ድረ ገጽ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ፋየርፎክስን አጥፍተን ክሮሚየም ብንጭንም ያው ነው። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በዚያው ዋይፋይ ደህና ይሠራሉ። (ጸሐፊ፣ ለገሃር)

መልስ፦ እህታችን፣ ብሮውዘሮቹን ነጻ ያውጧቸው፤ የስክሪኑን ሰዓትና ዓመተ ምሕረት ይመልከቱ። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚያቀርበው ሰርተፍኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ገደብ አለው። የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ገደብ ውጭ ከሆነ የትኛውም ብሮውዘር አያሳልፍዎትም፤ ማሳለፍም የለበትም።

በእኛ አገር ይህ በሁለት መንገድ ይከሰታል። የመጀመሪያው የማዘርቦርዱ ባትሪ ማለቅ ነው። ሲአር2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ስታልቅ ኮምፒውተሩ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። በየጠዋቱ የሚደጋገም ከሆነ ችግሩ እሷ ናት፤ ትቀየር።

ሁለተኛው የራሳችን የቀን አቆጣጠር ነው። አንድ ሰው በቅንነት ኮምፒውተሩን «ለማስተካከል» ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላዋል። ያኔ ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድና ዛሬ ያሉት ሰርተፍኬቶች በሙሉ ገና ያልተወለዱ ይሆኑበታል። ሰዓቱን ብቻ በእኛ አቆጣጠር የሞላው ደግሞ 6 ሰዓት ያዛባዋል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 14 ነው። የ6 ሰዓት ስህተት ብዙውን ገጽ ባይዘጋም፣ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየር የማረጋገጫ ቁጥር የሚሰጥ ፕሮግራም በዚያ ኮምፒውተር ላይ ካለ ቁጥሩ ሁልጊዜ «ስህተት» ይባላል። አፕትም የማከማቻው ፋይል «ገና ጊዜው አልደረሰም» እያለ ማዘመን ያቆማል።

መፍትሔው «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዴት ኤንድ ታይም» ገብቶ አካባቢውን አዲስ አበባ ማድረግና ቀንና ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል ማብራት ነው። ሰዓት የሚያመጣው አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ ሰርተፍኬት ስለማይጠይቅ ገጾቹ ባይከፈቱም ይሠራል። ካልሠራ የቢሯችሁ ፋየርዎል የሰዓት አገልግሎቱ የሚያልፍበትን ፖርት፣ ዩዲፒ 123ን፣ ዘግቶ ይሆናል፤ ኔትወርክ የሚይዘውን ሰው ይጠይቁ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስም አብሮት ካለና ሰዓቱ ሁልጊዜ በትክክል 3 ሰዓት የሚዛባ ከሆነ፣ ሁለቱ ሲስተሞች የማዘርቦርዱን ሰዓት የሚያነቡበት መንገድ ስለተለያየ ነው፤ ዊንዶውስ የአገሩን ሰዓት ይጽፋል፣ ሊኑክስ ያንኑ እንደ ግሪንዊች ሰዓት ያነበዋል። ሊኑክሱ እንደ ዊንዶውሱ እንዲያነብ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» የሚለው ትእዛዝ ያስማማቸዋል።

ጥያቄ፦ ከኡቡንቱ ወደ ዴቢያን ስሄድ የፋየርፎክስ ፎልደሬን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። አሁን «አሮጌ የፋየርፎክስ እትም ከፍተዋል» ብሎ አዲስ ፕሮፋይል ፍጠር ይለኛል። የይለፍ ቃሎቼ እዚያ ውስጥ ናቸው። (አምስት ኪሎ)

መልስ፦ ምንም አልጠፋብዎትም፤ የያዙትን ፎልደር ብቻ አይሰርዙ። ዴቢያን የሚሰጥዎ ኢኤስአር የተባለውን፣ ዋና እትሙ በዓመት አንዴ ገደማ የሚቀየረውን ፋየርፎክስ ነው። ኡቡንቱ የሚሰጠው በየ4 ሳምንቱ የሚወጣውን ነው። ስለዚህ ፕሮፋይልዎ፣ ማለትም ቡክማርክዎና የይለፍ ቃልዎ ያሉበት ፎልደር፣ ከብሮውዘሩ በአዲስነት ይቀድማል። ፋየርፎክስ ከ67ኛው እትም (እ.ኤ.አ. 2019) ጀምሮ በአዲስ እትም የተነካን ፕሮፋይል በአሮጌ እትም አይከፍትም፤ የውስጥ ዳታቤዞቹ ሊበላሹ ስለሚችሉ ነው። ይህን ክልከላ በጉልበት የሚያልፍ ትእዛዝ ቢነግሩዎት አይቀበሉ።

የሚሻለው፣ ፋየርፎክስን ከአዘጋጁ ከሞዚላ ድረ ገጽ በታር (በታሸገ) ፋይል ያውርዱ፣ በራስዎ ፎልደር ይፍቱት፣ የድሮውን ፕሮፋይል በእሱ ይክፈቱት። ከዚያ ቡክማርኩን በኤችቲኤምኤል፣ የይለፍ ቃሎቹን በሲኤስቪ ያውጡና ወደ ኢኤስአሩ ያስገቡ። የሲኤስቪ ፋይሉ ማንም ሊያነበው የሚችል ግልጽ ጽሑፍ ስለሆነ ሥራው እንዳለቀ ያጥፉት፤ በፍላሽ አይዙሩበት። ታሩን በራስዎ ፎልደር ማስቀመጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ እንዲህ ሲሆን ራሱን ያዘምናል። በሲስተሙ ፎልደር ካስቀመጡት ግን መጻፍ ስለማይፈቀድለት ባለበት ይቀራል።

ሌሎች አንባቢዎች ፕሮፋይሉን ፈልገው ለሚያጡበትም ያህል፦ በስናፕ ከሆነ በእርስዎ ፎልደር ሥር «ስናፕ»፣ «ፋየርፎክስ»፣ «ኮመን» ውስጥ ባለው የተደበቀ «.ሞዚላ» ነው። በፍላትፓክ ከሆነ በተደበቀው «.ቫር»፣ «አፕ» ሥር ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሊኑክስ ከሆነ ለምን አንዱ ፋየርፎክስ፣ ሌላው ብሬቭ፣ ሌላው ደግሞ ሰምተነው የማናውቀውን ይዞ ይመጣል? ማነው የሚወስነው? (ሜክሲኮ)

መልስ፦ የሚወስነው ሲስተሙን የሚያዘጋጀው ቡድን ነው፤ ምክንያቱ ግን እምብዛም የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ዴቢያን ከሞዚላ ጋር በንግድ ምልክት ስላልተስማማ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2016 ፋየርፎክስን «አይስዊዝል» በሚል ስም ሲያቀርብ ኖሯል። የዴቢያን ሰዎች የደህንነት ጥገናን በራሳቸው የመለጠፍ ነጻነት ይፈልጉ ነበር፤ ሞዚላ ደግሞ ስሙን የያዘ ፕሮግራም ሳይታይ እንዲቀየር አልፈለገም። ኡቡንቱ ወደ ስናፕ የሄደው አንድ ፓኬጅ ሠርቶ ለሁሉም እትሞቹ ለማዳረስ ነው። ዞሪን የተባለው ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2025 ፋየርፎክስን በብሬቭ ተካ። ኤለመንታሪ የተባለው ሊኑክስ የሚሰጠው «ዌብ» የተባለውን የጂኖም ብሮውዘር ነው፤ ቀላልና ንጹሕ ነው፣ ነገር ግን አንዳንድ የባንክና የመሥሪያ ቤት ገጾች ስለማያውቁት ሁለተኛ ብሮውዘር አጠገቡ ያስቀምጡ።

ክሮሚየምን ብዙዎቹ ነባሪ የማያደርጉት የምንጭ ኮዱ በጣም ግዙፍ ስለሆነና በየወሩ ከባዶ ገንብቶ ማውጣት ለበጎ ፈቃደኞች ከባድ ሸክም ስለሆነ ነው። ከዚህ ሌላ ጉግል እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ ቡክማርክና የይለፍ ቃልን በጉግል አካውንት የማመሳሰሉን አገልግሎት ለራሱ ክሮም ብቻ አድርጎታል። ስልክዎ ላይ ያለውን የክሮም ቡክማርክ በክሮሚየም አገኘዋለሁ ብለው ከሆነ አያገኙትም፤ ክሮምን ራሱን መጫን ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ በዴቢያን ፋየርፎክስ ላይ አማርኛ አንዳንዱ ገጽ ላይ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዱ ላይ ፊደሉ በጣም ያንሳል። (ስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ ሣጥኑ የፊደል አለመኖር ነው። «ፎንትስ-ኖቶ-ኮር» የሚለውን ፓኬጅ ይጫኑ፤ ኖቶ ሳንስና ኖቶ ሰሪፍ የተባሉትን የግዕዝ ፎንቶች ይዞ ይመጣል። የመጽሐፍ መልክ ያለው ከፈለጉ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» ያክሉበት። ፋየርፎክስን ዘግተው ካልከፈቱት ለውጡ አይታይም። ለመጠኑ፣ ሴቲንግስ ውስጥ «ፎንትስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ» ይግቡ፤ ከላይ ካለው የፊደል ዝርዝር «ኢትዮፒክ» የሚለውን ይምረጡና አነስተኛውን መጠን 16 ያድርጉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዝርዝሩ «ላቲን» ላይ እንዳለ መጠኑን በመቀየር ነው፤ ያኔ እንግሊዝኛው ብቻ ይገዝፋል፣ አማርኛው ባለበት ይቀራል። ለመጻፍ ደግሞ «አይባስ-ኤም17ኤን» የሚባለውን የመተየቢያ ፓኬጅ ጭነው ከወጡና ከገቡ በኋላ በኪቦርድ ምርጫው ላይ አማርኛን ያክሉ።